ከጣና ደንገል እስከ ሊኑክስ፦ ጌም እንዴት ባሕር ይሻገራል?

ባሕር ዳር የምትኖሩ ታውቋታላችሁ፤ ሩቅ ላላችሁ ደግሞ እንንገራችሁ። ጣና ሐይቅ ላይ ከደንገል የምትሠራ ታንኳ አለች። ደንገል በሐይቁ ዳር የሚበቅል፣ ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ውስጡ እንደ ስፖንጅ የሆነ ተክል ነው። ይታጨዳል፣ በፀሐይ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ ይታሰርና ታንኳ ይሆናል። የነገደ ወይጦ ሰዎች ይህን ጥበብ ከአባት ወደ ልጅ እያስተላለፉ ኖረዋል። ታንኳዋ ውሃ ስትጠጣ ስለምትከብድ፣ ሥራ ሲያልቅ ከሐይቁ ወጥታ ፀሐይ ላይ ትደርቃለች።

ይህ የጣና ደንገል አንድ ጊዜ አትላንቲክ ውቅያኖስ ድረስ ሄዷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1969 ኖርዌያዊው ተመራማሪ ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ሊያቋርጡ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ተነሣ። ደንገሉ ከጣና ተጭኖ ሄደ። ጀልባዋን የሠሯት ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው፤ ስሟም «ራ» ተባለ። ከሞሮኮ ተነሥታ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ከተጓዘች በኋላ ግን የኋላዋ ጫፍ ውሃ ውስጥ እየሰመጠ መጣ። ባርቤዶስ ደሴት ሳትደርስ ሠራተኞቿ ትተዋት ወረዱ። በኋላ ሲታይ፣ በጥንታዊ የግብፅ ሥዕሎች ላይ ያለው፣ የጀልባዋን የኋላ ጫፍ ወጥሮ የሚይዘው ገመድ በአግባቡ አልተሠራም ነበር።

በዓመቱ «ራ 2» ተሠራች። ደንገሉ ያው ከኢትዮጵያ የሄደ ነው። ሠሪዎቹ ግን በደቡብ አሜሪካ ከሚገኘው የቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሕዝብ ተወላጆች ነበሩ። «ራ 2» በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች።

እንዴ፣ ስለ ኮምፒውተር ጌም ልናወራ አልነበር? አዎ፣ እሱኑ እያወራን ነው። ለአንድ ውሃ የተሠራ ነገር ወደ ሌላ ውሃ ሲሄድ፣ አንዲት የተረሳች ገመድ ልትጥለው ትችላለች። ዕቃው በእጃችን ካለ ግን እንደገና መሥራት እንችላለን። በጌም ዓለም ይህ ሥራ ፖርት ማድረግ ይባላል፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ታሪክ አለው፤ እናንተንም በቀጥታ ይነካል።

ሊጥና እንጀራ

አንድ ጌም ሲሠራ ፕሮግራመሮቹ መጀመሪያ ሰው የሚያነበው ጽሑፍ ይጽፋሉ። ይህ ምንጭ ኮድ ይባላል። ኮምፒውተሩ ጽሑፉን እንዳለ አይረዳውም፤ ኮምፓይለር የሚባል ሌላ ፕሮግራም ወደ ማሽን ቋንቋ ይቀይረዋል። ከጓደኛችሁ በፍላሽ የምትገለብጡት ጌም አብዛኛውን ጊዜ ይህ የተቀየረው ነው። ምንጭ ኮዱ እዚያ ውስጥ የለም። ሊጡ ቀርቶ እንጀራው ብቻ ደረሳችሁ ማለት ነው፤ እንጀራ ደግሞ ተመልሶ ሊጥ አይሆንም።

ጌሙ ብቻውንም አይሠራም። ስርዓተ ክወናውን፣ ማለትም ዊንዶውስን ወይም ሊኑክስን፣ በየቅጽበቱ ይጠይቀዋል፦ «መስኮት ክፈትልኝ፤ ይህን ድምፅ አሰማልኝ፤ ተጫዋቹ የትኛውን ቁልፍ ነካ?» ሁለቱ ስርዓቶች ጥያቄ የሚቀበሉበት መንገድ ይለያያል። ለዊንዶውስ የተጋገረ ጌም ሊኑክስ ላይ በቀጥታ አልነሣ የሚለው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አስተርጓሚ ማቆም ነው። በ1993 የተጀመረው ዋይን የተባለ ፕሮግራም ይህን ያደርጋል፤ ጌሙ በዊንዶውስ ቋንቋ ሲጠይቅ መሐል ገብቶ ለሊኑክስ ይተረጉምለታል። ሁለተኛው ወደ ሊጡ መመለስ ነው። ምንጭ ኮዱን ከፍቶ፣ ከስርዓቱ ጋር የሚነጋገረውን ክፍል ለሊኑክስ እንዲስማማ አስተካክሎ እንደገና መጋገር። እንዲህ የተሠራው ጌም ኔቲቭ ፖርት ይባላል፤ አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ሲወራ ቀላል ይመስላል። አንድ ምሳሌ እንይ። ሊኑክስ በፋይል ስም ላይ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል እንደ ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ይቆጥራል፤ ዊንዶውስ አብዛኛውን ጊዜ ልዩነት አያደርግም። ፕሮግራመሩ የአንድን ሥዕል ፋይል በትልቅ ፊደል ጀምሮ ሰይሞ፣ ኮዱ ውስጥ በትንሽ ፊደል ቢጠራው ዊንዶውስ ላይ ምንም ችግር አይታይም። ሊኑክስ ላይ ግን «እንዲህ የሚባል ፋይል የለም» ይባላል፤ ጌሙም ይቆማል። ትልቅና ትንሽ በሌለው በእኛ ፊደል ላደገ ሰው ነገሩ ያስቃል፤ ፖርት ለሚሠሩት ግን እንቅልፍ የሚነሣ ጣጣ ነው። የ«ራ»ን ገመድ አስታውሱ።

የጎን ሥራው ዋና ሲሆን

ሊኑክስ የተጀመረው በ1991 ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ ጽፎት፣ ማንም እንዲያየውና እንዲያሻሽለው ምንጭ ኮዱን ለቀቀው። ነፃ ስለሆነና አቅሙ አነስተኛ በሆነ ኮምፒውተርም ስለሚሠራ ብዙ ሰው ወደደው። የጌም ኩባንያዎች ግን ዞር ብለው አላዩትም፤ ገበያው ዊንዶውስ ጋ ነበራ!

ከጥቂቶቹ አንዱ አይዲ ሶፍትዌር ነው። በታኅሣሥ 1993 ዱም የተባለውን ዝነኛ ጌም አወጣ። ዱም የተሸጠው ዶስ ለሚባለው የዚያ ዘመን ስርዓት ቢሆንም፣ ፕሮግራመሮቹ የጻፉት ኔክስት በሚባሉ፣ የዩኒክስ ቤተሰብ የሆነ ስርዓት ባላቸው ኮምፒውተሮች ላይ ነው። ኮዱ ገና ከጅምሩ ከአንድ ማሽን ወደ ሌላ እንዲሄድ ተደርጎ ተጻፈ ማለት ነው። በ1994 ከኩባንያው ፕሮግራመሮች አንዱ የነበረው ዴቭ ቴይለር ወደ ሊኑክስ ፖርት አደረገው። በገበያ ዓይን ብታዩት ትንሽ የጎን ሥራ ነበር።

ቀጥሎ የሆነው ነው የሚገርመው። በታኅሣሥ 1997 አይዲ የዱምን ምንጭ ኮድ ለሕዝብ ለቀቀ። የተለቀቀው ግን ሚሊዮኖች የተጫወቱት የዶሱ ኮድ አይደለም። በዚያኛው ውስጥ ድምፅ የሚያሰማው ክፍል የሌላ ሰው ንብረት ስለነበር ሊሰጥ አልቻለም። ስለዚህ የሊኑክሱ ተለቀቀ። ዛሬ ዱም በስልክም በሰዓትም በማተሚያ ማሽንም ሲሠራ የሚታየው ያ ኮድ ስለተከፈተ ነው። ማንም ያልቆጠረው ፖርት የኋለኞቹ ሁሉ አባት ሆነ።

ልብ በሉ፤ የተከፈተው ኮዱ ነው እንጂ የጌሙ ሥዕሎችና ካርታዎች አይደሉም። እነሱ አሁንም ባለቤት አላቸው። ፍሪዱም የተባለ ፕሮጀክት ደግሞ በዚያ ኮድ ላይ የሚሠሩ፣ ማንም በነፃ ሊያሰራጫቸው የሚችል አዳዲስ ሥዕሎችና ካርታዎች አዘጋጅቷል።

የከሰረው ኩባንያና የተወው ዕቃ

በ1998 ስኮት ድሬከር የተባለ ሰው አሜሪካ ውስጥ ሎኪ ሶፍትዌር የሚባል ኩባንያ አቋቋመ። ሥራው አንድ ብቻ ነበር፦ የሌሎችን ጌሞች ለሊኑክስ ፖርት አድርጎ መሸጥ። በ1999 ሲቪላይዜሽን፦ ኮል ቱ ፓወር የተባለውን አወጣ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ገዢው ግን አልበቃም። በነሐሴ 2001 ኪሳራ አወጀ፤ በጥር 2002 መጨረሻ በሩን ዘጋ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ የውድቀት ታሪክ ነበር። ነገር ግን የሎኪ ዋና ፕሮግራመር የነበረው ሳም ላንቲንጋ በ1998 ኤስዲኤል የተባለ ነገር ጽፎ ነበር። ኤስዲኤል ራሱ ጌም አይደለም። በጌሙና በስርዓተ ክወናው መካከል የሚቆም የተዘጋጀ ክፍል ነው። ጌሙ «መስኮት ክፈት» ሲል ለኤስዲኤል ይነግረዋል፤ ኤስዲኤል በዊንዶውስም በሊኑክስም በማክም እንዴት እንደሚከፈት ያውቃል። ገመዱን እያንዳንዱ ሠሪ ለየብቻው ከሚገምድ፣ አንዴ በደንብ ተገምዶ ለሁሉም ይድረስ እንደማለት ነው። ምንጭ ኮዱም ክፍት ነው።

ሎኪ ሲዘጋ ኤስዲኤል አልተዘጋም። ሎኪ የሸጣቸው ጌሞች የሚያስፈልጓቸው የዘመኑ የሊኑክስ ክፍሎች ተቀይረዋልና፣ ዛሬ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሳያለፉ የሚነሡ አይደሉም። የአብዛኞቹ ምንጭ ኮድ ዝግ ስለሆነ ተጠቃሚው አስተካክሎ ሊጋግራቸው አይችልም። ኤስዲኤል ግን እስከ ዛሬ እየታደሰ ይኖራል። እዚያው ሎኪ ይሠራ የነበረው ራያን ጎርደንም ኩባንያው ከተዘጋ በኋላ ለብዙ ዓመታት ጌሞችን ለሊኑክስ ፖርት ሲያደርግ፣ ኤስዲኤልንም ሲያሳድግ ቆይቷል።

በመጻፍ መማር የጀመራችሁ ካላችሁ ፓይጌምን ታውቁት ይሆናል፤ በፓይተን ቋንቋ ጌም ለመሥራት የሚያገለግለው ነው። ፓይጌም የተሠራው በኤስዲኤል ላይ ነው። ሳታውቁት የሎኪን ዘመን ዕቃ እየተጠቀማችሁ ነው።

አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች

ይህ ሁሉ የውጭ ሰው ታሪክ ከመሰላችሁ፣ ወደ ሀገራችን እንመለስ። በ2008 አካባቢ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» በተባለው ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ላፕቶፖች ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ገቡ። ኤክስኦ ይባላሉ፤ አረንጓዴና ነጭ ቀለም አላቸው። ፕሮሰሰራቸው 433 ሜጋኸርዝ፣ የሥራ ማኅደረ ትውስታቸው 256 ሜጋባይት፣ ማከማቻቸው 1 ጊጋባይት ብቻ ነበር። ዛሬ በኪሳችሁ ያለው ስልክ ብዙ ጊዜ ይበልጣቸዋል። የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳም ተዘጋጅቶላቸው ነበር።

እነዚህ ላፕቶፖች የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። አስቡት፤ አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ ኤክስኦ ይዞ «ጌም ጫንልኝ» ቢላችሁ፣ በከተማው ሱቅ ያለው የዊንዶውስ ሲዲ ሁሉ አይጠቅመውም። አስተርጓሚ እንዳታቆሙለት ደግሞ የማሽኑ አቅም ትንሽ ነው። ለዚያ ልጅ ፖርት ከሌለ ጌም የለም።

ሲምሲቲ የተባለው ከተማ የመገንባት ጌም የመጣው በዚህ በኩል ነው። ዊል ራይት የፈጠረው ጌም በ1989 ወጣ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዶን ሆፕኪንስ የተባለ ፕሮግራመር ወደ ዩኒክስ ፖርት አድርጎት ነበር። ያ ፖርት ከገበያ ጠፍቶ ቆየ። ባለቤቱ ኤሌክትሮኒክ አርትስ ለኤክስኦ ላፕቶፕ ሲፈቅድ ግን በእጅ የተገኘው ያው አሮጌ የዩኒክስ ኮድ ነበር። በጥር 2008 ማይክሮፖሊስ በሚል ስም በነፃ ፈቃድ ተለቀቀ። ልክ እንደ ዱም፣ የተረሳው ፖርት ለሌላ ዘመን ልጆች በሩን ከፈተ።

ከ6 ወደ 315

ከዚያ በኋላ ትልልቆቹም መጡ። በ2012 ቫልቭ የተባለው ኩባንያ ሌፍት ፎር ዴድ 2 የተባለ ጌሙን ለሊኑክስ ፖርት ማድረግ ጀመረ። መጀመሪያ ሲነሣ በሰከንድ 6 ሥዕል ብቻ ነበር የሚያሳየው። እንደ ጌም ሳይሆን እንደ ፎቶ አልበም በሉት። ኮዱን ለሊኑክስ እያስማሙ ሲሄዱ በሰከንድ 315 ደረሰ፤ ያው ኮምፒውተር ዊንዶውስ ላይ 270.6 ነበር የሚሰጠው። ድካሙ የት እንደነበረ ይህ ቁጥር ብቻውን ይናገራል። በየካቲት 2013 ስቲም የተባለው የቫልቭ የጌም መደብር ለሊኑክስ በይፋ ተከፈተ። በዚያው ዓመት ኤስዲኤል 2 ወጣ፤ ላንቲንጋ ያኔ የቫልቭ ሠራተኛ ነበር።

ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ኩባንያዎች አልተከተሉም። በነሐሴ 2018 ቫልቭ መንገዱን ቀየረና ፕሮቶን የተባለ አስተርጓሚ አወጣ፤ መሠረቱ ያ የ1993ቱ ዋይን ነው። ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ የዊንዶውስ ጌሞች በፕሮቶን ሊኑክስ ላይ ይነሣሉ። በ2022 የወጣው ስቲም ዴክ የተባለው በእጅ የሚያዝ ማሽንም በሊኑክስ የሚሠራ ሆኖ፣ ብዙውን ጌም የሚያጫውተው በአስተርጓሚ ነው።

ታዲያ ኔቲቭ ፖርት ሞተ? አንዳንዶች «አዎ፣ ይሙት» ይላሉ። ክርክራቸውን በቁም ነገር መስማት አለብን። የተተወ አሮጌ ፖርት እየተበላሸ ሲሄድ፣ የዊንዶውሱ ቅጂ በፕሮቶን በኩል የተሻለ የሚሠራበት ጊዜ አለ። ባለቤቱ ሲሰለቸውም ፖርቱን ይወስደዋል። ሮኬት ሊግ የተባለው የመኪና እግር ኳስ ጌም የሊኑክስ ፖርት ነበረው፤ በ2020 አዘጋጆቹ ድጋፉን አቋረጡ።

ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር ስናየው ግን የሚለየው ጉዳይ ሌላ ነው። ዱም፣ ማይክሮፖሊስና ኤስዲኤል አሉ። አብዛኞቹ የሎኪ ጌሞችና የሮኬት ሊግ ፖርት የሉም ወይም የሉም በሚባል ደረጃ ናቸው። ሁሉም ለሊኑክስ በቀጥታ የተሠሩ ነበሩ። ያሉት ሊጣቸው ለሕዝብ የተሰጠ ነው፤ የጠፉት እንጀራቸው ብቻ የተሸጠ ነው። ኔቲቭ መሆኑ ብቻውን ጌምን አላኖረም። ያኖረው ሌላ ሰው ከፍቶ እንደገና ሊሠራው መቻሉ ነው።

ይህ ለእናንተ ምን ያደርጋል?

ባሕር ዳር ውስጥ ያለ ተማሪ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። ዘመናዊ ጌም በአሥር ጊጋባይቶች የሚቆጠር ዳታ ይበላል፤ ከሀገር ውስጥ ሆኖ በውጭ ምንዛሬ መክፈልም ቀላል አይደለም። በፍላሽ ገልብጣችሁ በሕጋዊ መንገድ ለጓደኛ ልትሰጡት የምትችሉት፣ በአሮጌ ማሽን የሚነሣ፣ ክፍት ጌም የቅንጦት ነገር አይደለም።

ቋንቋውም አለ። ፊደላችን በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ሎኪ የመጀመሪያ ጌሙን በሸጠበት ዓመት። ከዚያ ወዲህ ጌም አማርኛ እንዳይናገር የሚከለክለው ፊደሉ አይደለም። የሚከለክለው ብዙ ጊዜ የኮዱ መዘጋት ነው። ዝግ ጌም ውስጥ «ጀምር» የሚለውን ቃል ለማስገባት የባለቤቱ ፈቃድና ፍላጎት ያስፈልጋል። በክፍት ፕሮግራሞች ግን ቃላቱ አብዛኛውን ጊዜ ከኮዱ ተለይተው በአንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ይቀመጣሉ፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ፕሮግራመር ባይሆንም ይተረጉመዋል።

ማስረጃ ትፈልጋላችሁ? ተክስ ፔይንት የተባለውን የልጆች የሥዕል ፕሮግራም ፈልጉ። ቢል ኬንድሪክ በ2002 ለሊኑክስ ሠራው፤ በኋላ ለዊንዶውስና ለማክም ተዳረሰ። የቆመው በኤስዲኤል ላይ ነው። ከቋንቋዎቹም አንዱ አማርኛ ነው። ከከሰረው የጌም ኩባንያ ዘመን የተረፈ ዕቃ ዛሬ አማርኛ ለሚያነብ ሕፃን ቀለም ያቀርባል።

የእኛ ጌሞችም መምጣት ጀምረዋል። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ቡድን በ2018 ያወጣው ኩኩሉ የተሠራው ለስልክ ነው፤ አንድሮይድ ስልክ ደግሞ ውስጡ ያለው ሊኑክስ ነው።

መጀመር ከፈለጋችሁ ሩቅ አትሂዱ፤ ገበጣ አለላችሁ። ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙ በርካታ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግበዋል፤ ሕጉ ከቦታ ቦታ ይለያያል። መጀመሪያ አያታችሁን ወይም የሰፈር አዛውንት ጠይቁና የአካባቢያችሁን ሕግ በወረቀት ጻፉ፦ ጉድጓዱ ስንት ነው? ጠጠሩ ስንት በስንት ይከፈላል? መቼ ይበላል? ከዚያ በፓይጌም ሞክሩት። የፋይሎቻችሁን ስም በትንሽ ፊደል ብቻ ጻፉ፤ ቃላቱን ከኮዱ ለይታችሁ አስቀምጡ። ስትጨርሱ ከጌሙ ጋር ምንጭ ኮዱንም ስጡ፤ የጎንደርና የደብረ ማርቆስ ልጅ የራሱን ሕግ ይጨምርበታል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ በሚመጣው፣ ዛሬ ስሙን በማናውቀው ማሽን ላይም የሚጋግረው ሰው ይገኛል።